የኔታ፣ ሸኽ እና የመንግሥት መምህር

ኢትዮጵያ ውስጥ ማስተማር ለብዙ መቶ ዓመታት የሃይማኖት ሥራ ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤት መክፈት ከጀመረ መቶ ዓመት ከጥቂት በላይ ቢሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ፊደል መቁጠር የፈለገ ልጅ በክርስቲያኑ አገር ወደ የኔታ፣ በሙስሊሙ አገር ወደ ሸኹ ከመሄድ በቀር ሌላ ደጅ እምብዛም አልነበረውም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከ73 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝብ 43.5 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 33.9 በመቶው የእስልምና፣ ከ18 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሲሆን፣ የቀረው ባህላዊ እምነቶችንና የካቶሊክን እምነት የመሳሰሉትን የሚከተል ነበር። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ልጆች ዛሬ በአንድ የመንግሥት ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱም ትምህርቱ ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል። አሮጌዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን አልጠፉም፤ ከአዲሱ ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም ከአዲሱ ዐይን ርቀው ይኖራሉ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በዘመኑ ስሙ የአብነት ትምህርት፣ በደረጃ የተሠራ ሙሉ ሥርዓት ነው። መጀመሪያው ንባብ ቤት ሲሆን፣ ልጁ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ከቆጠረና አቡጊዳን ከለየ በኋላ የዮሐንስን መልእክት እያነበበ ቃላትን ማላመድ ይጀምራል፤ የግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ የሚባሉት የአነባበብ ስልቶች የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚጣልና የት እንደሚጠብቅ ያስለምዱታል። መዝሙረ ዳዊትን አንብቦ የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ለብዙው ልጅ ትምህርቱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ማንበብ የቻለ፣ ጸሎቱን የሚያደርስ፣ ለመንደሩም ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ሆኖ ወደ እርሻው ይመለሳል። በከተሞችም ብዙ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት «ቄስ ትምህርት ቤት» በሚባለው የሠፈር ጉባኤ ነው።

ከንባብ ቤት ቀጥሎ ዜማ ቤት ይመጣል። በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደነበረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው ድጓ፣ ጾመ ድጓውና ምዕራፉ የሚጠኑት እዚህ ሲሆን፣ ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይመደባል። አቋቋም፣ ማለትም ማኅሌቱን በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ማቅረብ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቅዳሴም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሙያ የሚመሰከርበት ደብር አለው። ድጓን አጣርቶ ማወቅ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅዳሴ የፈለገ ወደ ደብረ ዓባይ ይወርዳል። አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ከማየቷ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ተማሪ ለአንድ የትምህርት ዘርፍ ብሎ ወራት በእግሩ የሚጓዝበት፣ ከአስመሰከረ በኋላም በሌላ አውራጃ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምርበት መረብ ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ቅኔ ቤት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የሚታወቁበት ይህ ትምህርት ተማሪውን የግዕዝን ግሥ ከነርባታው፣ አገባቡንም ከነምስጢሩ ያስጠናዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የተጠናውን እንዲደግም ሳይሆን ያልተባለ ነገር እንዲፈጥር ይጠይቀዋል። ተማሪው በሁለት ቤት ከሚቋጨው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየን አልፎ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቅኔውን በየጫካው ወይም በየመቃብር ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ማታ በጉባኤ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ሰዋስዉን፣ ምጣኔውንና ምስጢሩን ያርምለታል። ላይኛው ትርጉም ሰም፣ ውስጠኛው ወርቅ የሚባልበት ይህ የአነጋገር ጥበብ ከደብሩ ቅጥር ወጥቶ የአማርኛን ግጥም፣ ጨዋታና ሙግት ሁሉ የቀረጸ ነው። በሽምደዳ ብቻ ይከሰስ የነበረው አሮጌው ትምህርት በልቡ ውስጥ እንዲህ ያለ የፈጠራ ትምህርት ይዞ መኖሩን የዘመናዊው ትምህርት ቀራጮች በጊዜው አለማየታቸው ከባድ ጉድለት ነው። በመጨረሻ የሚገኘው መጻሕፍት ቤት ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን በአንድምታ ያስተምራል፤ አንድምታ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ የመፍታት ስልት ሲሆን፣ ከንባብ ቤት ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ሰው በትምህርት ላይ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ሊያሳልፍ ይችላል።

ይህን ሁሉ ያቆመው የሕዝቡ እጅ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚለምነው ቁራሽ ለማኝ ስለሆነ የሚሰጠው ምጽዋት ሳይሆን መንደሩ ለትምህርት የሚከፍለው ድርሻ ነበር። ሴቶች ከዚህ መንገድ ብዙውን ጊዜ ተገልለው ቆይተዋል፤ ዐይነ ስውር ሆነው በጎጃም የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራውም በችሎታቸው ብቻ ሳይሆን በዚያ ወንበር የተቀመጡ ሴቶች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ነው።

በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ያለው ሥርዓት በይዘቱ ሌላ ቢሆንም በአኗኗሩ ከዚህ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነው። ልጁ በቁርኣን ቤት የዐረብኛን ፊደላት በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም እየጻፈና እያጠበ ይማራል፤ ቁርኣንን አንብቦ ሲጨርስ «አኸተመ» ይባላል፣ ቤተሰቡም ይደግስለታል። ወደ ኪታብ የሚሻገረው ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ የሃይማኖቱን ሕግ የሚመረምረውን ፊቅህን፣ የዐረብኛን ሰዋስው የሚያስተምሩትን ነሕውና ሶርፍን፣ የእምነት መሠረት የሆነውን ተውሒድን፣ ከፍ ሲልም ሐዲስንና ተፍሲርን፣ ይኸውም የነቢዩን ንግግሮችና የቁርኣንን ትርጓሜ፣ ይማራል። እዚህም ዕውቀት በቦታ ይፈለጋል፤ ሐረርና ጅማ ታላላቅ ማዕከሎች ሲሆኑ፣ በወሎ ደግሞ ዳና፣ ጀማ ንጉሥና ሾንኬ ከሩቅ አገር ደረሳ የሚስቡ ስሞች ናቸው። ደረሳውም እንደ ቆሎ ተማሪው በመንደሩ እህልና በሸኹ ማሳ ላይ በሚያፈስሰው ጉልበት ይኖራል፤ የቀደመው ተከታዩን ያስጠናል፤ የተማረበትን መጽሐፍ ለማስተማር የሚችለውም መምህሩ ሲፈቅድለት ነው። የወሎ ሊቃውንት የውዳሴ ግጥም የሆነውን መንዙማን በአማርኛ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ዐጀሚ የሚባለው ይህ አጻጻፍ አማርኛ የአንድ ሃይማኖት ብቻ የጽሕፈት ቋንቋ አለመሆኑን የሚመሰክር ነውና፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የሰፋ ቦታ ይገባዋል። ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ገበሬ ማኅበረሰብ በሁለት እምነት ስም የገነባቸው የአንድ አገር ተቋማት መሆናቸው ግልጽ ይሆናል።

ሦስተኛው ሥርዓት ከውጭ የመጣው የሚሲዮን ትምህርት ነው። የስዊድን ወንጌላውያን በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በምጽዋ በኩል ሲገቡ ካፈሯቸው ሰዎች መካከል በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ ይገኛል፤ አስቴር ጋኖ ከምትባል ሌላ ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ጋር በመሆን መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል አዘጋጅቶ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ፣ ከዚያም ወደ ወለጋ ተመልሶ አስተማረ። ልጅ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ይችላል የሚለው ሐሳብ በመንግሥት ደረጃ ከመነሣቱ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ ተረጋግጦ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ የቤተ ክህነቱ ሰዎች ሥጋት አደረባቸው፤ የፈረንጅ ትምህርት የፈረንጅ ሃይማኖት ያስከትላል የሚለው ፍርሃት ባዶ ስላልነበረ፣ ከአውሮፓ ይልቅ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች መምህራን እንዲሆኑ ተደረገ። ቅብጦቹ የሃይማኖት ወንድሞች በመሆናቸው ካህናቱን ያረጋጋሉ፣ የአውሮፓን ቋንቋ በማወቃቸውም መንግሥቱ የሚፈልጋቸውን አስተርጓሚዎችና ጸሐፊዎች ያወጣሉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ይህንኑ መንገድ አሰፋው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የዚሁ ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ለካናዳ ኢየሱሳውያን በአደራ ተሰጠ። ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክነት መልሰው አገሪቱን ደም ያፋሰሱ፣ በፋሲለደስም የተባረሩ ማኅበር ናቸው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ፣ መምህር ብቻ ሆነው እንዲሠሩ ተስማሙ። ዛሬ ከሃይማኖት ነጻ የሚባለው ትምህርት በሕገ መንግሥት ከመጻፉ አስቀድሞ በዚህ ስምምነት ውስጥ በተግባር ተፈትኗል።

በዚያው ዘመን መንግሥቱ ለሚሲዮኖች በ1936 ዓ.ም. ደንብ አወጣ። ደንቡ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮን የተፈቀደ ክፍት ክልል ብሎ ለሁለት ሲከፍል፣ በመጀመሪያው ሚሲዮኖች ትምህርትና ሕክምና እንጂ ስብከት እንዳይሰጡ፣ በሁለተኛው ግን መስበክም እንዲችሉ፣ ማስተማሪያውም አማርኛ እንዲሆን አደረገ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ባልደረሰበት በደቡብና በምዕራብ ብዙ ቦታ ልጅን ማስተማር የፈለገ ወላጅ የሚያገኘው ደጅ የሚሲዮኑ ሆነ፤ ከትምህርቱ ጋር እምነቱም ገባ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በቀድሞው የደቡብ ክልል ፕሮቴስታንቶች ከግማሽ በላይ ሆነው መገኘታቸው ብዙ ምክንያት ያለው ቢሆንም፣ የዚህ የክልል ክፍፍል አሻራ በውስጡ አለ።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት በስሙ የሁሉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጎ ነበርና፣ ግብረ ገብ በሚባለው ትምህርት ውስጥ ሃይማኖቷም ይሰጥ ነበር። ብዙ ሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸውን ከመላክ የታቀቡት ዘመናዊ ዕውቀትን ጠልተው ሳይሆን ልጁ ሲመለስ የእነርሱ ልጅ ሆኖ ላይመለስ ይችላል ብለው በመስጋት ነው፤ የዚህ ሥጋት ውጤት በሲቪል ሰርቪሱና በከፍተኛ ትምህርቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታየ ክፍተት ሆነ። ቁርኣን በዚሁ ዘመን በአማርኛ ተተርጉሞ መታተሙ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የእኩልነቱን ጥያቄ አልዘጋውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር በዓላቶቻቸው ብሔራዊ በዓል እንዲሆኑ ሲጠይቅ፣ የትምህርት ቤቱ ካላንደር ራሱ የማን እንደሆነ እየጠየቀ ነበር።

ደርግ ሲመጣ በዓላቱ ታወቁ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከመንግሥት ተለየች። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው ነጻነት ሲሆን፣ በአንጻሩ መምህራኑና ካህናቱ ይተዳደሩበት የነበረውን የሰሞን መሬት ስላስቀረ የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥር ነቀለው፤ ምትክም አልታሰበለትም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ማንበብና መጻፍ አስተምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ሲሆን፣ ሃይማኖት ግን በመደበኛው ትምህርት ቤት እንደ ኋላቀርነት ተቆጠረ፤ ቦታውን የያዘውም የፖለቲካ ትምህርት ነበር።

ዛሬ የሚሠራበት ሕግ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ላይ የቆመ ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ሲደነግግ፣ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንቀጽ 27 ነው፤ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማስተማር መብት እንዳላቸው የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። እነዚህ አንቀጾች በአንድነት ሲነበቡ ሃይማኖትን ከሕዝብ ሕይወት የሚያስወጡ አይደሉም፤ የመንግሥትን ክፍል ለሁሉም ልጅ እኩል የሚያደርጉ ናቸው። የካህን ልጅ፣ የሸኽ ልጅና የፓስተር ልጅ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ በአገሪቱ ብዙ የለም፤ ይህ ክፍል ለአንዱ ወገን ቢያደላ የሚጠፋው ነገር በቀላሉ አይተካም።

የሕጉ ፈተና ግን በአለባበስና በጸሎት ቦታ ላይ በየጊዜው ይነሣል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ልጃገረዶች ሂጃብ በመልበሳቸው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከልክለው፣ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ለብሔራዊ ፈተና የመመዝገቢያው ጊዜ ያለፋቸውም ነበሩ። ከሃይማኖት ነጻ የሆነ ትምህርት ማለት መምህሩና መጽሐፉ አይሰብኩም ማለት እንጂ ተማሪዋ እምነቷን በር ላይ ጥላ ትግባ ማለት እንዳልሆነ እንዲህ ያለው ክልከላ ይዘነጋል። መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም የሚለው የሕጉ ሌላ ጎንም ተጥሷል የሚል ክስ ተሰምቷል። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአወሊያ ትምህርት ቤት የዐረብኛ መምህራን መባረራቸውን ተከትሎ የተነሣው ተቃውሞ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል ጥሪ አገር አቀፍ ሲሆን፣ ዋናው አቤቱታ መንግሥት በእምነታችን ትምህርትና አመራር ጣልቃ ገባ የሚል ነበር፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሃይማኖት በትምህርት ዘመን እንደማይረግብ ያሳያሉ። በ1983 ዓ.ም. በብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ የተሰባሰቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጸሎት ጉባኤ የኦርቶዶክስ ማኅበር ለሆነው ለማኅበረ ቅዱሳን መመሥረት መነሻ ሆነ፤ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች የግቢ ጉባኤያት፣ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረትና የሙስሊም ተማሪዎች ጀማዓ በየካምፓሱ ከቤተሰብ ርቆ ለሚኖር ወጣት ሁለተኛ ቤት ሆነዋል። ባሕር ማዶም ነገሩ ያው ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢና በአውሮፓ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት እሑድ እሑድ ለልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ እዚያ ለተወለደ ልጅ አማርኛ የሚነበብ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳየው ብቸኛው ወንበር ብዙ ጊዜ ይኸው የየኔታ ወንበር ነው።

አገር ቤት ያለው የየኔታ ወንበር ግን እየሳሳ ነው። ልጆች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መግባታቸው መልካም ሆኖ ሳለ የአብነት ተማሪዎችን ቁጥር ቀንሷል፤ ገበሬው ራሱ ሲቸገር የሚሰጠው ቁራሽ ጠቧል፤ በሰሜን የተከሰተው ጦርነትና ግጭት ደግሞ ደብሩንም ቁርኣን ቤቱንም አልማረም። ተማሪዎቹ በሣር ጎጆ ተጨናንቀው፣ ንጹሕ ውኃና ሐኪም ርቋቸው ይማራሉ። ክትባት፣ መጸዳጃና የውኃ ጉድጓድ ማድረስ የሃይማኖት ሥራ አይደለም፤ ልጆቹ የመንግሥትም ዜጎች ናቸውና፣ የትምህርትና የጤና ቢሮዎች ቁጥራቸውን እንኳ መዝግበው ቢይዙ የአንቀጽ 11ን መስመር አያልፉም።

ከጤናው ቀጥሎ ያለው ሌላው ዕዳ የዕውቅና ነው። ዐሥር ዓመት ቅኔና መጻሕፍት የተማረ፣ ወይም ነሕውን ጨርሶ ተፍሲር ላይ የደረሰ ወጣት፣ ጥንታዊ ቋንቋን ከነሰዋስዉ የሚያውቅ ቢሆንም በመንግሥት መዝገብ ላይ ያልተማረ ሰው ሊሆን ይችላል። ሂሳብና ሳይንስ አልተማረምና እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ይቆጠርለት ማለት ትክክል አይሆንም፤ የቋንቋ ችሎታው ተፈትኖ የጎደለውን ብቻ እንዲማር፣ በዕድሜው የሚገባውን ክፍል እንዲያገኝ ማድረግ ግን ይቻላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ሁለቱን ማጣመር የፈለገ የቅኔ ተማሪ ቀን መጻሕፍቱን ዘግቶ ከእርሱ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር የፊደልን ክፍል እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ደረሳውም ከኪታቡና ከመዝገቡ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫውም አብዛኛውን ጊዜ በድህነት ነው የሚወሰነው።